አጎቴ የቀበራት እህቴ

ረቡዕ፣ ማርች 14፣ 2007፤ አፉላ ኢሊት

የብሎጌ አሮጌ ሰርቨር በወሩ መጨረሻ ሊዘጋ ነው። ጽሑፎቹን ወደ አዲሱ አዛወርኳቸው፤ ግን በድሮ የአማርኛ ፎንት ስለጻፍኳቸው ምልክት ብቻ ሆነው መጡ። ምን ይደረግ፣ ከወረቀት ቅጂው ጮክ ብዬ እያነበብኩ እንደገና እተይባለሁ።

ዛሬ ወደዚህ አገር ስንመጣ በስደት ሱዳን ስለቆየንበት ጊዜ የጻፍኩት ላይ ደረስኩ። «ታላቅ እህቴን አጎቴ ቀበራት» ስል፣ ምስር የምትለቅመው እናቴ ቀና እንኳ ሳትል፣

«እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አለች።

«ታዲያ ለምን እሱ ነው አልሽኝ?»

«በእኛ ሕግ ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ እንደሚቀመጥ ታውቃለህ። አንተ ያኔ ገና ጡት ትጠባ ነበር። ብናገር ከጉያዬ ይነጥሉህ ነበር። አጎትህ ‹እኔ ቀበርኳት› ብሎ ሰባቱን ቀን ተቀመጠልኝ።»

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላነሣችውም።

«ላርመው?»

«ተወው። የሱን ሰባት ቀን ከንቱ ልታደርግበት ነው?»

እንደነበረው ተየብኩት።

አምና አጎቴ ወደሚኖርበት ጊቫት ሃሞሬ ሄጄ ይህንኑ ሳነብለት፣ እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ «ልክ ጽፈሃል፣ ልጄ» ብሎኝ ነበር።