ሙቀት መለኪያው የቆመባቸው ቀኖች

ለወንድሜ ለካሊድ፦

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱሏሂ ወበረካትሁ። ከመጨረሻው ስልክህ ወዲህ እንዴት ከረምክ? በረዶ ላይ የወደቅክበት ጉልበትህስ ዳነልህ? ጨለማው አልፎላችሁ አሁን ብርሃኑ እንደበዛ ነግረኸን ነበር፤ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ቤቱም ሱቁም እንዳለ ነው። ደሴ በልጉ ዘንቦላት ፒያሳ ድረስ ጭቃ ነው፤ ገዢው ቀንሷል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ የምናወራው ሁልጊዜ እማ ፊት፣ ድምፁን ከፍተን ነው። እሷ በሌለችበት ልነግርህ የምፈልገው ነገር አለኝ፤ በመልእክት ቆራርጬ ብልከው ደግሞ ይበጣጠስብኛል። የጎረቤታችን የከድጃ ልጅ ሁዘይፋ ወደ ኦስሎ ሊመለስ ስለሆነ በእጁ እልከዋለሁ። ከዚያ ወደ ትሮምሶ በፖስታ ይልክልሃል።

መጀመሪያ የሥራውን ልንገርህ። አንተ የምታጸዳው የአየር ጠባይ ቢሮ ያሉት ሰዎች የሚልኩልኝን የድሮ መርከብ መዝገብ ገጾች አሁንም በስልኬ እየገለበጥኩ ነው። ክርና ቁልፍ ፈላጊ ሲጠፋ ሱቁ ውስጥ አንድ ገጽ እጨርሳለሁ። ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣና ከመድኃኒት ወረቀት የለቃቀምኳት እንግሊዝኛ ለነፋስና ለበረዶ በቅታኛለች፤ መርከበኞቹም ቃል አያበዙም። በዚያ ዘመን ሰሜን ዋልታ አካባቢ ብርዱን የሚመዘግብ ጣቢያ አልነበረም። ያለው ዓሣ ነባሪ ሊያድኑ የሄዱ መርከቦች የጻፉት ነው፤ አንዱ እዚህ፣ ሌላው ከሱ እጅግ ርቆ፣ መካከሉ ባዶ። ሰዎቹ ከነዚህ ጥቂት ነጥቦች ተነሥተው ያኔ የነበረውን አየር መልሰው ለማወቅ ይሞክራሉ። ለእኛ ለምንገለብጠው የሰጡን ትእዛዝ አንድ ነው፤ የተጻፈውን እንዳለ ጻፉ፣ ስህተት ቢመስላችሁም አታርሙ።

ስጀምር ያበላሸሁትን ታስታውሳለህ። ጠዋት ስምንት ሰዓት የሚለውን ሁሉ ሁለት ሰዓት እያልኩ ሳስገባ፣ ሰሜን ዋልታን በደሴ ሰዓት አስኬድሽው ብለህ ሳቅክብኝ። የእህታችን የሳሊሃ ባል ጀማሉዲንም እስካሁን አልተወኝም፤ ኮምቦልቻ ዝናብ ሲዘገይ፣ እስቲ የዋልታዋን እመቤት ጠይቋት፣ እሷ ጋ ቀርቶ ይሆናል ይላል። ገጾቹን የምትልክልኝ የቢሮዋ ሴትዮ ግን አልተቆጣችም። ሁልጊዜ በአንድ ልክ የሚሳሳት ሰው አያስቸግርም፣ ስድስት ሰዓት ጨምረን እናስተካክለዋለን ብላ ጻፈችልኝ። የሚያስቸግረው ሌላ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

ሰሞኑን የያዝኩት መርከብ የብርዱን ወራት በረዶ ውስጥ ተይዞ ያሳለፈ ነው። ጸሐፊው በየጠዋቱ ሙቀቱን ይመዘግባል። ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፣ ከዚያ ሠላሳ ስምንት፣ ከዚያ ሠላሳ ዘጠኝ። በማግስቱም ሠላሳ ዘጠኝ፤ ሳምንት ሙሉ ያው። እኔ ብርዱ የረጋ መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ግን፣ የረጋው መለኪያው ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ራሱ ነው፣ ደርቋል፣ ከዚያ በታች ማሳየት አይችልም፣ ውጭው እየባሰ ሊሆን ይችላል አለችኝ። ታዲያ በምን ታውቃላችሁ ብላት የገጹ ጠርዝ ላይ የተጻፈውን አንብቢ አለች። ጠርዙ ላይ፣ ዛሬ ዳቦውን በመጋዝ ቆረጥነው ይላል። ውሻው ከወጥ ቤቱ አልወጣም ይላል። ይህን ለእማ ሳነብላት፣ ብርድ መሆኑን እያወቀ ምን ሊያደርግ ሄደ አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ እናቱስ ታውቃለች ወይ አለች።

ካሊድ፣ አንተ ስትደውል እማ ደህና ነኝ ትልሃለች። ድሮም ሕመሟን ቀንሳ ነበር የምትነግረን፤ እኛም ልኳን ስለምናውቅ ጨምረን እንሰማት ነበር። ትንሽ ራሴን ነካ አደረገኝ ካለች ከአልጋ መነሣት አቅቷታል ማለት ነው። አሁን ግን ትንሽም አትልም። ከታኅሣሥ ወዲህ ቃሏ ደህና ነኝ ብቻ ሆኗል። ስለዚህ ጠርዙ ላይ ያለውን ልጻፍልህ።

ቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት ወስደናት ነበር። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ብሎ መድኃኒት ሰጣት። ምን ያህል ብዬ ብጠይቀው፣ ዕድሜዋንም አስቢው አለኝ። ረመዳንን እንዳትጾም ሲነግራት ሳትከራከር እሺ አለች። ወባ ይዟት እንኳ ውሃ አልቀምስም ያለች ሴት ናት። ቆማ መስገድ ትታ ተቀምጣ ትሰግዳለች፤ ምንጣፉ ስለሳሳ ነው ትላለች። የኮምቦልቻ ሙቀት ሰው ያሰንፋል እያለች ሳሊሃ ቤት አንድ ሌሊት አላድርም ስትል አልነበር? በመጋቢት ራሷ ውሰጂኝ አለችኝ። አሁን እዚያው ናት፤ እኔ ሱቁን ዘግቼ በሚኒባስ እየወረድኩ አያታለሁ። በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርባ ትቀመጣለች። አባባ የገዛላትን አረንጓዴ ሻርፕ ለሳሊሃ ልጅ ለኢስራ ሰጠቻት። ኢስራ ደስ ብሏት ለብሳው ስትዞር ሳሊሃ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች።

እኔን ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ድሮ መቼ ትመጣለህ ሳትልህ ስልክ አትዘጋም ነበር። አሁን አሁን እንደማትጠይቅህ ልብ ብለሃል? እኛንም፣ ልጁን ሥራ ላይ አታስጨንቁት ትለናለች።

ይህን ሁሉ ሳስተያየው የፊታችንን ክረምት የምታልፈው አይመስለኝም። ግምት ነው። ያንተ ቢሮ ሰዎች ሲገምቱ ከዚህ እስከዚህ ይላሉ፤ እኔም ከሰኔ እስከ መስከረም እላለሁ። ሳሊሃ ታጋንኛለሽ ትለኛለች፤ ጀማሉዲን ግን ይህን ስናወራ ቀልድ አልወጣውም። አላህ ያውቃል። ለከርሞ ዐረፋ ልትመጣ ፈቃድህን እያጠራቀምክ መሆኑን አውቃለሁ። በእኔ ግምት ከርሞ ሩቅ ነው። ከቻልክ ዘንድሮ ና፣ ከሰኔ በፊት። ባትችል አልፈርድብህም፤ ሳታውቅ እንዳትቀር ብቻ ነው የጻፍኩት። ስትደውል የነገርኩህን አታንሣባት። መጥቼ ላይሽ ነው ካልካት ይበቃል።

ሳሊሃ አብዝታ ሰላም ብላሃለች። ጀማሉዲን፣ ስትመጣ ከዚያ በረዶ ቆንጥረህ ለኮምቦልቻ አምጣ ብሎሃል። ኢስራ ፎቶህን ላክልኝ ትላለች፤ መልክህ ጠፍቷታል። ከድጃ በዱዓዋ አትረሳህም፤ ሁዘይፋን ስትገናኙ ምግብ ጋብዘው።

እማን፣ ለካሊድ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልሽ አልኳት። ደህና ነኝ በዪው አለች። እንዳለ ጽፌዋለሁ።

እህትህ ሸሪፋ
ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.