ከብሎካችን ሥር የቆመች ጀልባ

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አቃቂ ቃሊቲ
ጥር 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለዝዋዩ ሰውዬ፣ ለባለቤቴ ለፍቅሩ፤

እንደምን ከርመሃል? ሐይቁስ ደህና ነው? ከእኔ ይልቅ ቅርብህ እሱ ስለሆነ መጀመሪያ የእሱን ደህንነት መጠየቅ ነበረብኝ መሰለኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዮዲ ከሥራ ስትመለስ አራተኛ ፎቅ እስክትደርስ ደረጃውን እየቆጠረች ትወጣና «እማዬ፣ ልጅሽ ሞተችልሽ» ብላ ሶፋው ላይ ትዘረጋለች፤ እራት ሲቀርብ ትነሣለች። የእኔ ጉልበት እንደተውከው ነው። ደም ግፊቴ ግን ከፍ ብሏል። ምክንያቱን ከዚህ በታች ታገኘዋለህ።

ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ ስናወራ ነገሩ ወደ አንተ ዞር ሲል «አሰጋሽ፣ ኔትወርኩ...» ትልና ትዘጋዋለህ። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም። ዓሣ የሚያመጣልን የአይሱዙ ሹፌር እጅህ ላይ እንዲያስቀምጥልኝ አደራ ብዬዋለሁ፤ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ የጀልባዋ ነው።

ኅዳር 2004 «የዝዋዩ ጓደኛዬ የሮሪሳ እናት አርፈዋል፣ ልቅሶ ደርሼ ሦስት ሳምንት ቆይቼ እመጣለሁ» ብለህ አንዲት ቦርሳ ይዘህ ወጣህ። ይኸው ሁለት ዓመት ከሁለት ወር። ለፋሲካ ትመጣለህ፣ ሶፋ ላይ ታድራለህ፣ በማግስቱ መስኮቱን እያየህ «አየር የለም» ትላለህ፣ ትሄዳለህ። እኔም እስካሁን ራሴን የማጽናናው በአንድ ነገር ነበር። የሚያጠምድበት ጀልባ የሮሪሳ ነው እል ነበር። በሰው ጀልባ የሚያጠምድ ሰው እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ አንድ ቀን ወደ ቤቱ ይገባል። የራሱን ጀልባ ያሠራ ግን ቀረ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ዓሣ አጥማጅ መሆን አያስፈልግም። እሺ፣ ቅር። ግን ጀልባዋን ማን ይምረጥልህ? እኔ! ሚስትህ! እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት እንደምታመጣው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

«ላሜራውም በያጁም ያለው አቃቂ ነው፤ ደግሞ ከአንቺ ዓይን እንከን አያመልጥም» አልከኝ። ልክ ነህ። ሃያ አራት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ጠረጴዛ ላይ ቆሜ የተበጠሰውን ክር፣ የዘይት ጠብታውን፣ የሳሳውን ቦታ በጠመኔ ሳከብብ ነው የኖርኩት። የተዋወቅነውም አንተ የጠገንከው ማሽን ያበላሸውን ጨርቅ ይዤ ልጮህብህ መጥቼ ነው። ያን ዕለት ጨርቁን ትቼ አንተን ማክበብ ነበረብኝ።

የሆነ ሆኖ ፈለግሁ። መጀመሪያ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ወዲህ አንድ ሰውዬ ከቆቃ ያመጣው አሮጌ ጀልባ አለ ተብዬ ሄድኩ። ሆዱ በሬንጅ ተለጣጥፏል። «ይሄ ምንድን ነው?» ስለው «ማጠናከሪያ ነው እናቴ» አለኝ። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ጣቴ አለፈ። ሁለተኛው የሱቅ መስኮት የሚሠራ ሰው በሪቬት ያያያዘው አዲስ ጀልባ ነው። አዲስ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን በመዳፌ ስጫነው እንደ ጣሳ ተጨረማመተ፣ ገመድ የሚታሰርበት ላይ ደግሞ የመስኮት እጀታ ገጥሞበታል። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል ብዬ ተመለስኩ።

ሦስተኛው ከሊል ነው። በሰቃ፣ የድሮ ቤታችን ከነበረበት ጀርባ፣ የወተት ማጓጓዣ ጋን የሚበይደው ልጅ። ልጅ አልኩ እንጂ የሦስት ልጆች አባት ሆኗል። ለቆቃ ሰዎች ሁለት ጀልባ ሠርቷል። «እትዬ አሰጋሽ፣ ወለሏ ጠፍጣፋ ይሁን ወይስ ሾጠጥ ያለ?» አለኝ። ልዩነቱን ስጠይቀው አንድ ትሪና አንድ ጎድጓዳ ሳህን አምጥቶ በርሜል ውሃ ላይ አስቀመጠና ጫፋቸውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ትሪው ችላ አለው። ሳህኑ ወዲያው ተንጋደደ። «ሾጣጣዋ ማዕበል ትቆርጣለች፣ ፈጣን ናት፤ ግን ሰው ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል አትወድም» አለኝ።

አንተ የፈለግከው ሾጣጣ፣ ጠባብና ቀላል ነበር። እኔ ደግሞ አምፖል ልቀይር ብለህ ከወንበር ላይ የወደቅክበትን ቀን አስታወስኩ። አንድ ነገር ለማየት መላ ሰውነትህን ይዘህ ነው የምታዘነብለው። ስለዚህ ጠፍጣፋ፣ ሰፊ፣ ላሜራዋም አንድ ከግማሽ ሳይሆን ሁለት ሚሊ እንዲሆን አዘዝኩ። ትከብዳለች ትላለህ። ትክበድ! ዋና አትችልም እኮ ሰውዬ! ሐምሳ ስምንት ዓመትህ ነው፣ የአቃቂን ወንዝ እንኳን በድልድይ ነው የምትሻገረው። «ሐይቁ ጥልቀት የለውም» እያልክ ታጽናናኛለህ። ለመሆኑ ሰው ለመስጠም ስንት ሜትር ያስፈልገዋል?

ከሊል ሥራውን ከጀመረ በኋላ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስኩበት። ጠመኔዬን ይዤ። ብየዳው ጉብ ያለበትን አከበብኩ፣ ጠርዙ የሻከረበትን አከበብኩ፣ ፍንጥርጣሪ ያረፈበትን አከበብኩ። ባለፈው ወር መጨረሻ አርባ አንድ ክብ ደረሰ። ከሊል ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ትክ ብሎ አየኝና «እትዬ አሰጋሽ፣ አሁን የሚመረምሩት ጀልባዋን ነው ወይስ ጋሼ ፍቅሩን?» አለኝ። ተናድጄ ጃንጥላዬን አንሥቼ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ግን ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ። እውነቱን ልንገርህ፤ ከአርባ አንዱ እውነተኛ እንከን የነበረው ስድስቱ ብቻ ነው። የቀረውን ያከበብኩት እንዳታልቅ ነው። ሁዳዴ የካቲት 17 ይገባል፣ ዓሣ ፈላጊው ያኔ ነው፣ ጀልባዋ ካልደረሰች ይሰለችህና ትመጣለህ ብዬ ነው። በደመወዝ በሠራሁበት ዘመን እንዲህ ያለ ውሸት ጽፌ አላውቅም። አፈርኩ። በማግስቱ ሄጄ ሠላሳ አምስቱን ክብ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁለት፤ ከሊልም ሻይ አስመጣልኝ።

ከዚያ የውሃው ፈተና መጣ። ጀልባ የሚፈተነው ውስጡ ውሃ ተሞልቶ ከሥር ጠብታ በመፈለግ ነው አለኝ። እሱ ጋ ውሃ የለም፣ እኔም ዓይኔ ሥር ካልሆነ አላምንም፤ ስለዚህ ጥር 9 ቀን ጋሪ ላይ ደፍተን ጭነን ወደ ገላን አመጣናት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተሳቅቄ አላውቅም። አስፋልቱን ስንሻገር አንዱ የታክሲ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «እማማ፣ ባሕሩ ተመለሰልን እንዴ?» ይለኛል። ፈረሱ እንኳን እየዞረ ያያት ነበር።

ከብሎካችን ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጥናት። ታች ያሉት ወይዘሮ መዓዛ ጎማቸውን ከቧንቧው ቀጥለው ሰጡኝ፣ እስከ አፏ ሞላኋት። በማግስቱ፣ በከተራ ዕለት፣ ውሃ ጠፋ። የእኛን ውሃ ታውቀዋለህ፤ ሲጠፋ ደህና ሁኑ አይልም። ስድስት ቀን! በዓል፣ እንግዳ፣ ሠላሳ ቤት፣ ጠብታ የለም። ብቻ እታች አንድ ሙሉ ጀልባ ውሃ ቆሟል። መጀመሪያ ወይዘሮ መዓዛ አንዲት ጆግ ቀዱ። ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከዚያ ሁሉም። የብሎካችን ሰብሳቢ በሸራ አስከደነና «በቤት በቀን አንድ ባልዲ» ብሎ ተራ አወጣ። ባለቤቷ እኔ እንኳን ተራዬን ጠብቄ ነው የቀዳሁት! ወይዘሮ መዓዛማ «ዘንድሮ ብሎካችን የራሱ ጥምቀተ ባሕር አለው፤ ፍቅሩ ይባረክ» እያሉ ይመርቁህ ነበር። አንተን! ጋሪ ላይ የተሳቀቅሁት እኔ፣ ምርቃቱ ለአንተ።

እኔ ግን በየጠዋቱ ጠመኔዬን ይዤ ወርጄ ከሥሯ አጎነብስ ነበር። አንዲት እርጥብ ነጥብ አጣሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ባባ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የማከብበው ነገር የለም።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው እውነት ነው። ጥር 15 ቀን ከወይዘሮ መዓዛ ጋር የመጨረሻውን ውሃ ቀድተን ጨረስንና ወለሏን ላደርቅ ብዬ ገባሁባት። ደከመኝና መቀመጫው ላይ አረፍ አልኩ። ዞር ብዬ ሳይ መቀመጫው አንድ ነው። ከፊት ለፊቴ ባዶ ወለል። ስንት ሳምንት ስመላለስ ብየዳ ለብየዳ ስፈልግ ይህን አላየሁትም! አንድ ሰው፣ አንድ መቅዘፊያ፣ አንድ ወንበር። ደም ግፊቴ የወጣው ያኔ ነው። ወይዘሮ መዓዛ ባልዲያቸውን እንደያዙ ቆመው ያዩኛል፣ እኔ ደረቅ መሬት ላይ ጀልባ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። «ምነው፣ አፈሰሰች እንዴ?» አሉኝ። «አላፈሰሰችም» አልኳቸው።

ሳልውል ሳላድር ከሊል ጋ ሄድኩ። «ማነው አንድ መቀመጫ አድርግ ያለህ?»

«ጋሼ ናቸው። አንድ ይበቃል አሉኝ።»

ልወጣ ስል እጁን እየጠረገ ተከተለኝ። «ቆይ እትዬ፤ ከዚያ ደግሞ መልሰው ደወሉ። የዓሣ ሳጥን ፊት ለፊት ላድርግልዎት ስላቸው፣ አይሆንም፣ ፊቱን ባዶ ተወው፣ አሰጋሽ ያየችውን ታድርግበት አሉኝ። እኔ እርስዎ የሚያውቁት መስሎኝ ነው።»

አንተ ሰውዬ፣ አፍ የለህም? ሦስት ወር ሙሉ ስለ ላሜራ ውፍረት፣ ስለ አርጎን ብየዳ፣ ስለ መቅዘፊያ ርዝመት ስታደርቀኝ ከርመህ፣ አንዲቷን ነገር ለበያጅ ትነግራለህ? ሃያ ሰባት ዓመት ተጋብተን? «ነይ» የሚለው ቃል ሁለት ፊደል ነው እኮ! እኔ ባላየው ኖሮስ? ባዶውን ቦታ ባዶ አድርጌ ብልክልህስ? ያን ጊዜ «አልፈለገችም» ብለህ ትቀመጥ ነበር፣ አውቅሃለሁ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የበሰቃው ቤታችን ለመንገድ ሲፈርስ የአንተ ጓሮና የመሣሪያ ጠረጴዛህም አብሮ እንደሄደ አልገባኝም ነበር። እኔ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ዕጣ ወጥቶልኝ እልል ስል አንተ «ቁም ሳጥን ውስጥ አልኖርም» አልክ፤ እኔ ደግሞ «ካልወደድክ በሩ ያውልህ» አልኩህ። በሩን ማሳየቴን እንጂ ትወጣለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ይህን ለመጻፍ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ደግሜ እንድለው አትጠብቅ።

አሁን ሥራውን ልንገርህ። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ፣ ጥር 29 ቀን፣ አይሱዙው ጀልባዋን ጭኖ ይመጣል። ብቻዋን ለሹፌር አላምናትም፣ ጋቢና ውስጥ እኔ እኖራለሁ። ሌላ ነገር እንዳይመስልህ፤ ለምርመራ ነው። ደረቅ መሬት ላይ የተፈተነ ዕቃ ገና አልተፈተነም፣ ውሃ ላይ ሳላያት አለፈች አልልም። ምርመራው ስንት ቀን እንደሚፈጅ አላውቅም። ዮዲ ሻንጣዬን አየችና «ለምርመራ ይሄ ሁሉ ልብስ?» አለችኝ። ሻንጣውን ዘጋሁት። ቤቱን እሷ ትጠብቃለች፤ ደረጃውንም እሷ ትቁጠር።

ሮሪሳን ሰላም በልልኝ። ቤቱን ጥረግ፤ ዓሣ ዓሣ የሚሸት አንሶላ እንዳላገኝ። እስከዚያው ንፋስ ሲነሣ ሐይቁ ላይ አትውጣ። የደሴቷ ጽዮን ማርያም በጥላዋ ትጋርድህ፣ መረብህን ከባዶነት፣ እግርህን ከማዳለጥ ትጠብቅልኝ።

ጠመኔዋን ያልጣለችው ባለቤትህ፣
አሰጋሽ

ሳልረሳው፦ ባዶው ቦታ ላይ መቀመጫ አሠርቻለሁ። ፊቱን ወደ አንተ ነው ያዞርኩት፣ ስትቀዝፍ እንከንህን እንዳይ። አልወደድኩትም ብትል የሚፈታ አይደለም፤ ከሊል ቦልት ይሁን ሲለኝ በይደው አልኩት።