እሳት ያላየው ሥር

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ለሃምሳ አለቃ በፍቃዱ፤

አባዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? እንቅልፍዎስ? እማዬና ተክሉስ ደህና ናቸው? ነገሌስ ዝናቡ ጣለ ወይ? እኔ ከፍርሃት በቀር ደህና ነኝ። ስደውል «ደህና ነኝ፣ ካርድሽን አትጨርሺ» ብለው ይዘጉብኛል። ደብዳቤ አይዘጋም ብዬ ነው የጻፍኩት፤ እማዬ ጮክ ብላ ታንብብልዎት።

ክረምት ላይ ስመጣ፣ ጎረቤታችን አብዱባ ለወገብዎ ከሊበን የሚያመጣልዎትን ሥር ትንሽ ቆርሼ ይዤ ነበር። እዚህ ዩኒቨርሲቲ የማጠናው በመድኃኒት ሥሮች ውስጥ ያለውን ፕሮቲን እንደሆነ ያውቃሉ። እርስዎ እንደሚያደርጉት ቀጥቅጬ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አሳድሬ አጠለልኩት። ከዚያ ጣቴን ወግቼ ደሜን መስታወት ላይ አንጠበጠብኩና ከውሃው ጠብ አደረግኩበት። ደሜ እንደ አይብ ተቋጠረ።

የክፍል ጓደኛዬ ከሚላ እየሳቀችብኝ ጣቷን ሰጠችኝ። የእሷ ደም ምንም አልሆነም። ለካ ይህ ፕሮቲን አንዱን የደም ዓይነት ይይዛል፣ ሌላውን ይተዋል። የእኔ ዓይነት ደግሞ በውትድርና ዘመንዎ አንገትዎ ላይ ባንጠለጠሉት ቆርቆሮ የተቀረጸው ነው። ልጅ ሆኜ እሱን እያነበብኩ «እኔና አባዬ አንድ ነን» እል ነበር። ያኔ ያኮራኝ ነገር አሁን ያስፈራኛል።

አብዱባን አልወቅሰውም። እሱ ራሱ ስንት ዘመን ጠጥቶት እንደ ወይፈን ነው፤ ምናልባት ደሙ እንደ ከሚላ ይሆናል። መምህሬም «መስታወት ላይ የሆነ ሁሉ ሆድ ውስጥ አይሆንም፣ አትደንግጪ» ብለውኛል። ግን የሚጠጣው የእሳቸው አባት አይደለም። እማዬ ፊትዎ እንደገረጣ፣ ከገበያ ሲመለሱም መንገድ ላይ እየቆሙ እንደሚያርፉ ነግራኛለች። ደም ያነሰው ሰው ደግሞ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ይተዉት፤ ሆስፒታል ሄደው ደምዎን ይመርመሩ። እምቢ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ ወገብዎን አሽሎታልና። እንግዲያው እስኪመረመሩ ድረስ ቢያንስ ይፈላ። አብዱባ «ሥሩ እሳት ካየ ይሞታል» እንዳለዎት አልረሳሁም። እውነቱን ነው። አፍልቼ ሞከርኩት፤ ፕሮቲኑ ሞተ፣ ደሜም እንደነበረ ቀረ። ለወገብዎ የሚረዳው አብሮ ይሙት አይሙት ግን አላውቅም። ወገብዎን ቢያምዎት ይሻለኛል፣ ይቅር ይበሉኝ።

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ትንሿን ድስት ለዚህ ሥራ ለይልኝ። ተክሉ ወንድሜ፣ ናፍቀኸኛል፤ ሥሩ የሚዘፈዘፍበትን ጣሳ ደብቅልኝ፣ ቁጣው በእኔ ይሁን። አብዱባንም በቋንቋው «ናጋ»፣ ሰላም በሉልኝ፣ እንዳይቀየመኝ።

ይህን የሚያደርስልዎት ሹፌሩ አረሮ ሐሙስ ወደዚህ ይመለሳል፤ መልስዎን በእሱ አፍ ይላኩልኝ። «ደህና ነኝ» የሚለውን አልፈልገውም፣ አባዬ። «ፈላ» ይበሉኝ።

ልጅዎ እድላዊት በፍቃዱ
ቡሌ ሆራ፣ ኅዳር 12 ቀን 2014 ዓ.ም.