ታንኳዎቹን ማን አዘገያቸው?

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ጠዋት 3፡20

አምስተኛ ዙር። ብራውዘር «ለ» ዛሬም ወደቀ።

ልድገምልሽ ደብተሬ፣ ነገሩ ሳይምታታብኝ። ኮሌጁ ለኮምፒውተር ላቡ አንድ የድረ ገጽ መክፈቻ ብራውዘር ሊመርጥ ነው። አዲሶቹ ትምህርቶች ሁሉ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ስለተሠሩ፣ ሳይቆራረጥ የሚያሳያቸው ያስፈልጋል። መፈተኛውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስክሪኑ ላይ ሐይቅ፣ ሐይቁ ላይ ታንኳ። ታንኳ እየጨመርሁ እሄዳለሁ። በሰከንድ ስልሳ ፍሬም፣ ማለት ስልሳ ሥዕል፣ እስካለ ድረስ ይንሳፈፋሉ። ከዚያ ሲወርድ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ፣ ቆጠራዬም እዚያ ላይ ያቆማል።

«ሀ» በስሜነህ ማሽን ስምንት መቶ ታንኳ ይሸከማል። «ለ» በኔ ማሽን ሦስት መቶ ላይ ያነክሳል። ማሽኖቹ ባንድ ቀን የተገዙ መንትያዎች!

ስሜነህ ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው የኮንትራት መምህር ነው። ከመጀመሪያው «ሀ ነው የሚያሸንፈው» ብሎ ነበር። እንዴት አወቀ? ኮንትራቱ በዚህ ወር ይታያል። ቋሚ መሆን ይፈልጋል፣ አዋቂ መስሎ መታየት ይፈልጋል። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይኖራል ስንጥር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። ከቀኑ 9፡00

ስሜነህ መላ አመጣ። ሁለቱንም ብራውዘሮች በሁለቱም ማሽኖች ላይ እንሞክር አለኝ። ሞኝህን ፈልግ! እጁን ማሽኔ ውስጥ ሊያስገባ እኮ ነው። ፈገግ ብዬ፣ ግድ የለም፣ የየራሳችንን እንያዝ አልሁት።

የማሽኔን ሳጥን እስከ ዛሬ የማለብሰው ስስ ጨርቅ ነበር፣ ከኮሌጁ ሥር ካለው ሐይቅ ለሚመጣው ትንኝ። አሁን አልበቃኝም። ካሮጌ ጋቢዬ ቆርጬ ወፍራም ልብስ ሰፋሁለት። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጎኑን፣ ሁሉንም። በሲባጎ አሰርሁት። ቋጠሮውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ማንም ቢነካው ይታወቀኛል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7። 8፡30

ቋጠሮው እንዳሰርሁት ነው። «ለ» ግን ሁለት መቶ ላይ ወደቀ። ጭራሽ ባሰበት!

ሳይነካው እንዴት? በኔትወርክ ይሆናል። ገመዱን ነቀልሁ። ያው ነው።

ስሜነህ ባጠገቤ ሲያልፍ፣ «ምነው ማሽንሽ እንዲህ ይጮሃል?» አለኝ። ምን አገባው? ጆሮው ማሽኔ ላይ ምን ይሠራል?

በቃኝ። ለክፍል ኃላፊያችን ለአቶ ምናሉ ደብዳቤ ጻፍሁ። ውጤቱ ሆን ተብሎ እየተበላሸ ነው፣ የምጠረጥረው ስሜነህን ነው፣ ብዬ ስሙን ጠርቼ ፈረምሁ። አነበበ። ጥሩ አድርገሻል አለኝ። ስወጣ ቅልል አለኝ፤ አልዋሽሽም።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ከቅዳሴ ስወጣ ስሜነህን ከነአባቱ አገኘሁት። አባቱ የቅኔ መምህር ናቸው፣ ለዓይናቸው ሕክምና ከመራዊ መጥተው። እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። ልጃቸው ስለኔ ሁልጊዜ በደግ ያነሣላቸዋል አሉ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፣ እህት ሆንሽለት» ብለው መረቁኝ።

አሜን አልሁ። ምን ልበል? ቤት እስክደርስ ግን አላስቀመጠኝም። ምን ብሎ ነግሯቸው ነው? አውቆብኝ ይሆን? ሽማግሌ አምጥቶ አፌን ሊያስዘጋ? የሰው ምርቃት እንኳ የምመረምር ሆንሁ፣ ወይ እኔ!

ሰኞ፣ ግንቦት 11። 5፡10

ጉድ ሆንሁ ደብተሬ።

ስሜነህ የለም። አባቱን መራዊ ሊያደርስ ሄዷል። የላብ ቁልፉንም አቶ ምናሉ ዓርብ ዕለት ተቀብሎታል። በሩን ከውስጥ ቆልፌ ብቻዬን ነኝ። ኔትወርክ የለም። «ለ»ን አስነሣሁ። ሰባት መቶ ታንኳ! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ዓይኔ እያየ ስድስት መቶ፣ አራት መቶ፣ ሁለት መቶ። ማንም ሳይነካው። ጠረጴዛው ሥር ሳይቀር አየሁ፣ ሳቂብኝ።

እጄን ሳጥኑ ላይ ጫንሁ። አቃጠለኝ።

ሲባጎውን በጥርሴ ፈታሁት። ጋቢውን ገፈፍሁለት። ጥቂት ጠበቅሁ። ስምንት መቶ። ጋቢውን መለስሁበት፣ ወደቀ። አነሣሁለት፣ ዳነ። ሦስት ጊዜ እንዲሁ። ከዚያ ስሜነህ እንዳለው ሁለቱን ብራውዘሮች በሁለቱም ማሽኖች ፈተንሁ። እኩል ናቸው። የረባ ልዩነት የላቸውም።

ማሽን ሲግል ራሱን ለማዳን ሥራውን ይቀንሳል። ይህን ለተማሪ የማስተምር እኔ! እሱን በጠረጠርሁ ቁጥር እጠቀልላለሁ፣ በጠቀለልሁ ቁጥር ይግላል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ምነው ያን ደብዳቤ ሳልጽፍ እጄን በቆረጠው!

ረቡዕ፣ ግንቦት 13። 11፡00

አቶ ምናሉ ዘንድ ሁለት ቀን ተመላልሼ ዛሬ አገኘሁት። ጥፋቱ የጋቢዬ መሆኑን ነግሬ ደብዳቤዬን መልስልኝ አልሁት። አይመለስም አለ። መዝገብ ቤት ገብቷል፣ ቁጥር ወጥቶለታል፣ የስሜነህ ፋይል ውስጥ ነው። ኮንትራቱን የሚያየው ኮሚቴ ነገ አራት ሰዓት ይሰበሰባል። ውጤቱን አስተካክለሽ አምጭ፣ ስለ ደብዳቤው ግን ዝም በይ፣ ራስሽን መሣቂያ አታድርጊ አለኝ። የኮንትራት ሰው ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል አለ።

ላንቺ ልናዘዝ፦ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ደረጃውን ስወርድ ግን የአባቱ ምርቃት ትዝ አለኝ።

ስሜነህ ከመራዊ ተመልሷል። ቁልፉን ለምን እንደተቀበሉት ግራ ገብቶታል። አንቺ የሰማሽው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አልሰማሁም አልሁት። ዓይኑን እያየሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14። ጠዋት 2፡40

ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍሁ። አጭር ነው። ማሽኑን ያዘገየሁት ራሴ ነኝ፣ ማንም አልነካውም፣ መፍትሔውን የነገረኝ ስሜነህ ነበር፣ ስላልሰማሁት ያለጥፋቱ ከሰስሁት። ፊርማ። ከግርጌው፦ ግልባጭ፣ ለኮሚቴው አባላት በሙሉ፤ ለመምህር ስሜነህ።

አቶ ምናሉ ይቆጣል። ይቆጣ። የቢሮ ሰው ይሥቅብኛል፣ እሱም ይሁን። የፈራሁት አንድ ነገር ነው፣ ስሜነህ ሲያነበው ፊቱን ማየት። ከኮሚቴው በፊት መስማት ያለበት ከኔ አፍ ነው፤ መጀመሪያ ለሱ እሰጣለሁ። ከዚያ በኋላ ባያናግረኝ መብቱ ነው።

የላቡ በር ተንኳኳ። እሱ ነው። ቁልፍ የለውማ፣ ያስነጠቅሁት እኔ። «እህቴ፣ ክፈችልኝ» እያለ ነው። ልክፈትለት።