የድሮው ፊልም ለምን እንዳስቆጣኝ

አብራኝ የምትኖሪው ክርክር ወዳድ ጠበቃዬ፣

ስትገቢ አታገኚኝም፤ አባቴ ጋ ሄጃለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ስለሚያንጠባጥብ ስትወጪ ዋናውን መዝጊያ ዝጊው። ሰፍቼ የጨረስኩት ዩኒፎርም ወንበሩ ላይ ነው፤ ያሰፋችው ደንበኛዬ ሐሙስ ስትመጣ ስጫት።

ትናንት ከሰዓት "አንቺ ምን ይገባሻል!" ያልኩሽ ከአፌ አምልጦኝ ነው።

ስለ ባሕሩ አውሬ ከተሠሩት ሁለት ፊልሞች አዲሱ ይበልጣል ያልሽው እውነትሽን ነው። አውሬው ያው አንድ አውሬ ቢሆንም፣ የድሮው የጎማ ልብስ የለበሰ ሰው መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል፤ የሚረግጠው ከተማም ካርቶን ነው። የአዲሱ ከባሕር ብቅ ሲል እኔም ወንበሬን ጨብጬ ነበር።

ግን በአዲሱ አንዱ ሳይንቲስት መላ ያገኛል፣ አውሬው ይወድቃል፣ ሰው ይጨፍራል። በድሮው ሰዎቹ ያላቸውን ሁሉ ተኩሰው አልሆን ሲላቸው፣ ዳር ቆመው ከማየት በቀር ምንም አያደርጉም። "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት መጨረሻ ነው?" ብለሽ ስትስቂ ነው የገነፈልኩት።

ያኔ እህቴ ገና መደወሏ ነበር። ሐኪሙ ስለ አባቴ "ከዚህ በኋላ የምናደርግለት ነገር የለም፣ ወደ ቤት ውሰዱት" ብሏታል። ልነግርሽ ስል አንቺ የድሮውን ፊልም ከፈትሽው።

ሻንጣዬን ሞልቼ መልሼ አራገፍኩት። መድኃኒት አልይዝለት፣ ምን ይዤ እንደምሄድ ጠፋኝ። እሱ ደግሞ ገና ከበር ሲያየኝ "መጣሽልኝ? በቃ፣ አሁን እድናለሁ" ነው የሚለኝ፤ አውቀዋለሁ።

ምን ብዬ እንደምመልስለት የሚመጣልሽ ነገር ካለ፣ እባክሽ ደውይልኝ።