በእሳቱ ሰ ስለተጻፈች አንዲት ሰላምታ

ለተከበሩ የኮምፒውተር ማሠልጠኛችን ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሰላምዎ እንዲበዛ ከልብ እመኛለሁ፤ በየትኛው ሰ እንደሚበዛልዎ ግን ቢሮዎ ስላላሳወቀን፣ ለጊዜው በእሳቱ ሰ ጽፌዋለሁና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እኔ ባለፈው የጃቫ ፕሮግራም ቋንቋ ጀማሪዎች ፈተና «ሰላም» ብሎ የሚያትም ፕሮግራም ጽፌ ዜሮ የታቀፍኩት ተማሪዎ ነኝ። ለካስ የሚያርመው ማሽንዎ በሆዱ የያዘው መልስ በንጉሡ ሠ የተጻፈ «ሠላም» ኖሯል። ስለዚህ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ሁለት ቃላት የሚነጻጸሩት፣ ማሽን ቆጠራውን ከዜሮ ስለሚጀምር፣ ከዜሮኛው ቦታ ጀምሮ ፊደል በፊደል መሆኑን፣ ማሽኑም ድምፅ ሰምቶ ሳይሆን የእያንዳንዱን ፊደል መለያ ቁጥር አይቶ እንደሚፈርድ መምህራችን ወር ሙሉ ደክመው ቢያስረዱንም፣ እኔ አልገባኝም ነበር። የእርስዎ ዜሮ ባንድ ቀን እንዲገባኝ አደረገ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

፪. ጃቫ የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደ አንድ የሚቆጥር ትእዛዝ እንዳለው ተምረናል። የእኛ ሁለቱ ሰ ግን ባንድ አፍ እየተጠሩ አስታራቂ ሽማግሌ ስላላገኙ፣ ከማነጻጸራችን በፊት ሠን ሁሉ ወደ ሰ እየለወጥን ራሳችን እንድናስታርቃቸው መምህራችን አደራ ብለውናል። የማረሚያውን ፕሮግራም የጻፉት ባለሙያ ያን ቀን ከክፍል ቀርተው መሆን አለበት።

፫. አቤት ልል ቢሮዎ ስመጣ ጸሐፊዎ ፈገግ ብላ «ማሽን አይሳሳትም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ማሽን የነገሩትን ነው የሚያደርገው። የነገረው ማን እንደሆነ ስጠይቃት ግን ድንገት ስልክ ተደወለላት።

ይህች ዜሮ ካልተነሣችልኝ ሁለተኛው ዙር አልገባም፤ ወደ አጎቴ ሱቅ ተመልሼ ሚስማር እመዝናለሁ። አጎቴ ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን እኔ ኮድ መጻፍ እወዳለሁ፣ ይህችን ዕድል ማጣትም ያንገበግበኛል። ሰላምታዬ በሰው ዓይን እንደገና ትታረምልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

በእሳቱም ሰ ሆነ በንጉሡ ሠ ዘወትር አክባሪዎ፣
የኋላ ወንበሩ ባለ ዜሮ

ማስታወሻ፦ በርዎ ላይ «ሥራ አስኪያጅ»፣ ማኅተምዎ ላይ ደግሞ «ስራ አስኪያጅ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱን በማሽንዎ ደንብ ባነጻጽራቸው «አንድ አይደሉም» የሚል መልስ ሰጠኝ። ስለዚህ ደብዳቤውን ለሁለታችሁም አባዝቼዋለሁ፤ ውጤቴን የሚያስተካክሉልኝ የበሩ ይሁኑ የማኅተሙ፣ ተመካክራችሁ ብታሳውቁኝ።