ሽማግሌዎቹ የመረቁት ዓይን

አስመራ፣ ገጀረት
ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ወዳጄ ሆይ፣

ይህ ወረቀት አንተንም ባለቤትህንም በደህና ያግኛችሁ። ያ የሚያሠቃይህ ወገብህስ እንዴት ሆነ? እኛ ቤት ሁሉ ሰላም ነው ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ። ከሰኞ ጀምሮ ብዕር እያነሣሁ እጥላለሁ።

ልጅህ ወልደትንሣኤ የላካቸው ሽማግሌዎች እሑድ መጥተው ነበር። በቴሌ ተቀጥሮ ወደዚህ ከመጣ ወዲህ አውቀዋለሁ፤ ጨዋ ነው፣ ልጄ ሓረጉም ትወደዋለች። ቁጣዬ በሽማግሌዎቹ ነው። እስከ ሰባት ትውልድ ቆጠሩን። ቁምጥና፣ የሚጥል በሽታ፣ ቡዳ ሳይቀር ጠየቁ። "በወገናችሁ ዕውር አለ?" ሲሉ ልመልስ አፌን ስከፍት፣ አብረዋቸው የመጡት የሰፈራችን ቄስ፣ ቀሺ ኣስገዶም፣ "ተዉት እባካችሁ፣ መምህሩ መነጽር አደረገ እንጂ አልታወረ!" ብለው ሳቁና ጥያቄው አለፈ።

አመሻሹ ላይ ሓረጉ ሻሂ ይዛ ገባች። ባለቤቴ ጽገ ቆጣቢ ስለሆነች መብራት ገና አልበራም። እኔ የሰማሁት የብርጭቆውን ስብራት ብቻ ነው፤ የቀረውን ጽገ ነገረችኝ። ሓረጉ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ውጭ አየር ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ አንገቷን ደፍታ፣ ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች። ሽማግሌዎቹ ግን ተደሰቱ! "በዛሬ ጊዜ እንዲህ የምታፍር ልጅ ከየት ይገኛል? ቀና ብላ እንኳ አላየችንም" አሉ። ቆመው መረቋት።

ኀፍረት አይደለም፣ ዳፍንት ነው።

በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በልጆች መካከል ሁለት ጎልማሶች ሆነን የተማርነውን አስታውስ። በዓይናችን ጀርባ ሐምራዊ ፕሮቲን አለ፤ በላምም በድመትም አለ። ብርሃን ያፈርሰዋል፣ ጨለማ ይጠግነዋል። ለጥገናው የሚያስፈልገው ነገር ጉበት ውስጥ ስላለ ነው እናቶቻችን ለዳፍንት ጉበት የሚያበሉት። ይህን በትግርኛ አስተምር ነበር፤ መጽሐፉ ተሰበሰበና በአማርኛ አስተምር ተባልኩ። ፕሮቲኑ ግን በሁለቱም ቋንቋ ይፈርሳል።

ያለፈውን ዐቢይ ጾም በሙሉ ጉበት አበላኋት። ጽገ "ዋይ ኣነ! በሁዳዴ?" ብላ አኮረፈችኝ። ምንም ለውጥ የለም። ጣሊያኑ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ችግሩ የምግብ አይደለም፣ ፕሮቲኑን የያዙት ሕዋሳት ራሳቸው እየሞቱ ነው፣ በዘር የሚወረስ ነው፣ መድኃኒትም የለውም አለኝ። መጀመሪያ ማታውን፣ ከዓመታት በኋላ ቀኑንም ይወስዳል። እናቴን አስታወስኩ፤ ዓይኗ ጠፍቶ እስክትሞት ድረስ በእጅ ትመራ ነበር። ሐኪሙ "እርስዎም እስቲ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ" ሲለኝ፣ የመጣሁት ለልጄ ነው ብዬ ተቆጣሁ።

ጽገ ዝም በል ትለኛለች። ሓረጉን ጠየቅኋት። "ኣቦይ፣ ሽማግሌ ያልጠየቀውን አንተ ለምን ትመልሳለህ? ሲመሽ የወልደትንሣኤን ክንድ አጥብቄ እይዛለሁ፤ ፍቅር ይመስለዋል። ደግሞም ፍቅር ነው" ብላ ሳቀች። ጥቂት ቆይታ አለቀሰች። "አንተ ጻፍላቸው፤ እኔ ልነግረው አቃተኝ" አለች።

ዝም ብዬ ብሰጥህ አታለልኩህ ማለት ነው። ምክንያቱን ሳልናገር ብከለክልህ ደግሞ፣ የኤርትራ ባንዲራችን ከወረደ ወዲህ በዚህ ከተማ ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ "ለአማራ አልሰጥም አለ" ይባላል፣ አንተም ታምነዋለህ። ስለ ባንዲራውም ስለ መጽሐፉም የተሰማኝን ፊት ለፊት ነግሬሃለሁ፣ ገናም እነግርሃለሁ። በልጄ ዓይን ግን ፖለቲካ አልሠራም።

ስለዚህ ለልጅህ ሁሉንም ንገረው፤ አንዲት ቃል አታለሳልስ። ቢቀር አልቀየመውም። ቢመጣ ግን ሽማግሌ አይላክ፤ ብቻውን ይምጣ፣ ፀሐይ ሳለች ይምጣ። መልሱን ሲነግረኝ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ። ብዙም አይዘግይ፤ ሲመሽ ግድግዳ የምዳብሰው እኔም ነኝ።

አምላክ ቤትህን ይጠብቅልህ፤ የልጅ ልጆችህን መልክ ለማየት ያብቃህ።

የጥንት የክፍል ጓደኛህ፣
የሓረጉ አባት